ራቭ ፎር፣ ግራንድ ቪታራ፣ ቱሳን ወይስ ኤሌክትሪክ? ትንሽ ኤስዩቪ ለመግዛት ለተነሱ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄዎቻችሁን ሰብስቤ አንድ በአንድ እመልሳለሁ። የምመልሰው አዲስ አበባ ውስጥ ውሎ አልፎ አልፎ ክፍለ ሀገር ለሚወጣ ሰው ነው። ዋጋ አልጠራም፤ ዛሬ የተባለው በሳምንቱ ይለወጣል። መኪናው ውስጥ ያለው ግን አይለወጥም።

ጥያቄ፦ የ2007 ራቭ ፎርና የ2007 ግራንድ ቪታራ አግኝተናል፤ ሁለቱም አውቶማቲክ፣ ሁለቱም 2.0 ናቸው። አምስት ቤተሰብ ነን። በወር አንዴ ገጠር እንሄዳለን፤ የመጨረሻው 20 ኪሎ ሜትር ጠጠር ነው፣ ክረምት ላይ ጭቃ ይሆናል። የትኛውን እንውሰድ?

መልስ፦ ለዚያ የክረምት መንገድ ግራንድ ቪታራውን ውሰዱ። ከውጭ ቢመሳሰሉም በአሠራር የተለያዩ ናቸው። የዚያ ዘመን ራቭ ፎር በመሠረቱ የፊት ጎማ መኪና ነው፤ የኋላው የሚያግዘው ፊቱ ሲንሸራተት ነው። ጭቃ ውስጥ ደጋግሞ ሲታገል ኃይል ወደ ኋላ የሚያስተላልፈው ክፍል ይግልና እርዳታውን ለጊዜው ያቋርጣል። ግራንድ ቪታራ ሞተሩ በቁመት የተቀመጠ፣ ሁልጊዜ በአራቱም ጎማ የሚሄድ፣ የመሀል ዲፈረንሻሉን (ኃይልን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያካፍለውን ክፍል) መቆለፍ የሚቻል መኪና ነው። በብዙዎቹ ላይ ለከባድ ዳገት የሚሆን ዝቅተኛ ማርሽም አለ። ከመሬት ያለው ከፍታ 200 ሚሊ ሜትር ነው።

ግን ሁሉም ግራንድ ቪታራ ይህ የለውም፤ በኋላ ጎማ ብቻ የሚሄድም ተሠርቷል። ክሩስኮቱ ላይ የአራት ጎማ መምረጫው መኖሩን እዩ። ካለ ጠጠር ላይ ቁሙ (አስፋልት ላይ አትሞክሩ)፣ ማርሹን ዜሮ አድርጉ፣ ወደ ዝቅተኛው አዙሩት። መብራቱ ብልጭ ብልጭ ብሎ ረግቶ መብራት አለበት። ብልጭታው ካልቆመ መቀየሪያው ሞተር ወይም ሽቦው ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ከዋጋው ላይ ተደራደሩበት።

የምትከፍሉት ደግሞ በነዳጅ ነው። ግራንድ ቪታራው ከተማ ውስጥ በ100 ኪሎ ሜትር ከ11 እስከ 13 ሊትር ይፈልጋል፤ ራቭ ፎሩ ከ1 እስከ 2 ሊትር ያነሰ። የዕቃ ቦታውም በራቭ ፎር ይሻላል፣ ሲሸጥም ቶሎ ገዢ ያገኛል። ጭቃው በዓመት ሁለት ቀን ብቻ ከሆነ ምርጫው ይገለበጣል፤ ለሁለት ቀን ጭቃ ዓመቱን ሙሉ ተጨማሪ ቤንዚን መክፈል ትክክል አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ራቭ ፎር ሁሉ "ፎር ዊል" ነው ይሉኛል ደላሎች። እውነት ነው?

መልስ፦ አይደለም እህቴ። ከ2000 እስከ 2005 በተሠራው ሞዴል 1.8 ሞተር ያለው በፊት ጎማ ብቻ የሚሄድ ነው። ለጃፓን ገበያ በተሠራው ላይ የሻንሲ ቁጥሩ በ"ዜድሲኤ 26" ከጀመረ 1.8 ነው፤ በ"ኤሲኤ 21" ከጀመረ 2.0 ነው። ቁጥር ማንበብ ካስቸገረሽ ከኋላ ጎንበስ ብለሽ እዪ፤ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች መሀል ዲፈረንሻል፣ ወደ እሱ የሚመጣም ረጅም ዘንግ መኖር አለበት። ከሌለ አራት ጎማ አይደለም፤ የኋላ በሩ ላይ ምንም ተለጥፎ ቢሆን።

ሞተሩንም ለዪ። የጃፓኑ 2.0 አብዛኛው "ዲ ፎር" የሚባለው፣ ቤንዚኑን በቀጥታ ወደ ሲሊንደር የሚረጨው ነው (1ኤዜድ-ኤፍኤስኢ)። ማስገቢያው በካርቦን ይደፈናል፣ በዜሮ ማርሽ ይንቀጠቀጣል፣ የከፍተኛ ግፊት ፓምፑም ውድ ነው። ለአውሮፓና ለሌላ ገበያ የተሠራው 1ኤዜድ-ኤፍኢ ግን የተለመደው አረጫጨት ስላለው ማንኛውም ጋራዥ ይሠራዋል። የሁለቱ ዋጋ ተመሳሳይ ከሆነ ኤፍኢውን ያዢ። ከ2003 በፊት የተሠራው 1.8 ሞተር ደግሞ ዘይት በመብላት ይታወቃል፤ ፒስተኑ ላይ ያሉት የዘይት መመለሻ ቀዳዳዎች ጠባብ ስለሆኑ ይደፈናሉ፣ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ይጣበቃል።

ጥያቄ፦ ቱሳን (2004–2009) ለምን ከራቭ ፎር ይረክሳል? ድብቅ ችግር አለው?

መልስ፦ ድብቅ አይደለም፤ ታይሚንጉ (ቫልቮቹን ከፒስተኑ ጋር የሚያናብበው ቤልት ወይም ሰንሰለት) ነው። ራቭ ፎርና ግራንድ ቪታራ ሰንሰለት ሲጠቀሙ የዚያ ቱሳን 2.0 ቤንዚን የጎማ ቤልት ይጠቀማል። ቤልቱ ከ90,000 እስከ 100,000 ኪሎ ሜትር ባለው መቀየር አለበት። ሲበጠስ ፒስተኑ ቫልቩን ይመታል፣ ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ይወርዳል፣ ወጪው ከቤልቱ ጋር አይወዳደርም። ስለዚህ ሻጩ "ተቀይሯል" ቢልም ደረሰኝ ካላሳየ እንዳልተቀየረ ቆጥረው ይግዙ። በገዙ ሳምንት ቤልቱን፣ መወጠሪያውን፣ ማንከባለያውን እና የውሃ ፓምፑን በአንድ ላይ ያስቀይሩ። ፓምፑን ትቶ ቤልት ብቻ መቀየር የተለመደ ስህተት ነው፤ ፓምፑ ከስድስት ወር በኋላ ሲያፈስ ያው ሥራ እንደገና ይከፈታል። የኪያ ስፖርቴጅም የዚያው ዘመን ከሆነ ከሥር ያለው መሠረቱና ሞተሩ ከቱሳን ጋር አንድ ስለሆነ ይኸው ይመለከተዋል።

ይህን ወጪ ጨምረውም ከራቭ ፎር በብዙ የሚረክስ ከሆነ ቱሳን ጥሩ ግዢ ነው። በቶዮታ ስም ላይ የሚጨመረው ገንዘብ የሚመለሰው ሲሸጡት ነው፤ አሥር ዓመት ሊይዙት ካሰቡ ያ ጥቅም ይቀንሳል።

ጥያቄ፦ ጋራዥ ከመውሰዴ በፊት ራሴ ምን ልፈትሽ? ቅደም ተከተሉን ንገሩኝ።

መልስ፦ መጀመሪያ ለሻጩ "ሳይነሣ ጠዋት እመጣለሁ" በለው። ስትደርስ ኮፋኖውን በእጅህ ንካ። ከሞቀ ቀዝቃዛ አነሳሱን እንዳታይ ተደርጓል ማለት ነው፤ ሌላ ቀን ተመለስ።

ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ የራዲያተሩን ክዳን ክፈት። ኩላንት (የራዲያተር ፈሳሽ) ያልተቀላቀለበት ተራ የቧንቧ ውሃ ካየህ ወይም ውሃው ዝገት ከመሰለ ተጠንቀቅ። ምክንያቱን ላስረዳ፤ ብዙ መኪና የሚሞተው በዚህ ነው። አዲስ አበባ ባሕር ጠለል ላይ አይደለችም፤ እዚህ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የሞተር ቴርሞስታት (ውሃውን ወደ ራዲያተር የሚለቀው በር) ደግሞ ከ82 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮ ነው የሚከፍተው። በመሀሉ ያለው ልዩነት ትንሽ ነው። ውሃው እንዳይፈላ የሚይዘው የክዳኑ ግፊት (በአብዛኛው ከ0.9 እስከ 1.1 ባር) እና ግማሽ በግማሽ የተቀላቀለው ኩላንት ነው። ክዳኑ ጎማው ከደረቀ ዳገት ላይ ይፈላል፣ ቴስታታ ይጣመማል፣ ጋርኒሲዮን (የቴስታታው ማሸጊያ) ይቃጠላል። አንድ ትንሽ ክዳን ሞተር ይገድላል።

ቀጥሎ የዘይት መክፈቻውን እይ፤ ከውስጡ የቡና በወተት የመሰለ ቅባት ካለ ውሃና ዘይት ተቀላቅሏል። አሁን አስነሳ። ሲነሣ ሰማያዊ ጭስ ብልጭ ብሎ ከጠፋ የቫልቭ ማኅተሞች ናቸው፤ ስትረግጠው የሚቀጥል ከሆነ ፋሻ ነው። ጣፋጭ ሽታ ያለው የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ጋርኒሲዮን ነው። የኤርባግ መብራት ቁልፍ ሲከፈት በርቶ በሴኮንዶች ውስጥ መጥፋት አለበት። ጭራሹን ካልበራ አምፑሉ ተነቅሎ ሊሆን ይችላል።

ለግጭት፦ የኮፋኖና የፓራፋንጎ ብሎኖች ቀለማቸው ከተላጠ ተፈትተዋል። የኋላውን ምንጣፍ አንሥተህ የብየዳ መስመሩን በግራና በቀኝ አወዳድር። የደህንነት ቀበቶውን እስከ መጨረሻ ሳብ፤ ሥሩ ላይ ደርቆ የቀረ ጭቃ ካለ መኪናው ውሃ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ከዚያ ጋራዥ ውሰደውና ኮምፕሬሽን (ሲሊንደሮቹ ውስጥ ያለውን ግፊት) አስለካ። ሜካኒኩ "መጽሐፉ 12.5 ይላል፣ ይህ 9.5 ነው፣ ሞተሩ አልቋል" ካለህ አትደንግጥ። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ያህል ስለሆነ ንባቡም በዚያው ልክ ይወርዳል። የሚያሳስበው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። 9.5፣ 9.4፣ 9.5፣ 9.3 ከሆነ ደህና ነው፤ አንዱ 7.5 ከሆነ አይደለም።

ጥያቄ፦ የዳይሃትሱ ቴሪዮስ 1.5 ለዳገት አቅም አለው?

መልስ፦ ከተማ ውስጥ ለሁለት ሦስት ሰው አለው። ሞተሩ ባሕር ጠለል ላይ 105 የፈረስ ጉልበት ገደማ ነው፤ ቱርቦ ስለሌለው አዲስ አበባ ላይ ሩብ ያህሉን ያጣና ወደ 80 ይወርዳል። አምስት ሰውና ሻንጣ ጭኖ እንጦጦን ሲወጣ ማርሹን ዝቅ አድርጎ በከፍተኛ ዙር መጮኹ ብልሽት አይደለም፤ አየሩ ነው። በጎ ጎኑ ግን አካሉ ጠባብ ነው፣ 200 ሚሊ ሜትር ከፍታ አለው፣ ነዳጅ ይቆጥባል። ለከተማ ኮብልስቶንና ለጠባብ ሰፈር ከዚህ የሚሻል ትንሽ ኤስዩቪ ማሰብ ይከብደኛል።

ጥያቄ፦ የኒሳን ኤክስ ትሬይልስ?

መልስ፦ ማኑዋል ከሆነ አዎ። ሲቪቲ (ደረጃ የሌለው አውቶማቲክ ካምቢዮ) ከሆነ 30 ደቂቃ በዳገት ነድተው ካሞቁት በኋላ ከቆመበት ሲነሣ መንቀጥቀጥ ወይም የማፏጨት ድምፅ ካለ ይተዉት። ዘይቱም የራሱ የሲቪቲ ዘይት መሆን አለበት፤ ተራ የአውቶማቲክ ዘይት የተጨመረበት ካምቢዮ ዕድሜ የለውም።

ጥያቄ፦ ዱባይ ነው የምሠራው። ለእናቴ የቤንዚን ኤስዩቪ ልላክ ወይስ እዚያው አገር ቤት ልግዛላት?

መልስ፦ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ላይ የቤንዚንና የናፍታ የቤት መኪና ማስገባትን ከልክሏል። ስለዚህ ምርጫሽ አገር ውስጥ ያለውን ያገለገለ መግዛት ወይም ኤሌክትሪክ ነው። ማንም "እኔ አስገባልሻለሁ" ቢልሽ ገንዘብ ከመላክሽ በፊት ጉምሩክን ጠይቂ።

ጥያቄ፦ እንግዲያው ኤሌክትሪክ። ቢዋይዲ ዩዋን ፕላስ "510 ኪሎ ሜትር ይሄዳል" ይላል። ሐዋሳ ደርሼ እመለሳለሁ?

መልስ፦ ደርሰው ይመለሳሉ፣ ግን ሐዋሳ ላይ ቻርጅ አድርገው ነው። 510 የሚለው በቻይና መለኪያ ነው። ባትሪው 60.48 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። ከከተማ ውጭ፣ ሰው ጭነው በ100 ኪሎ ሜትር 17 ያህል ይፈጃል ብለው ያስቡ። ከ100 በመቶ ተነሥተው 15 በመቶ መጠባበቂያ ቢተዉ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሐዋሳ 275 ገደማ ነው። ሲመለሱ ደግሞ ከስምጥ ሸለቆ ወደ ደጋው ስለሚወጡ ከመሄጃው የበለጠ ይፈጃል። ያንን አስቀድመው ይቁጠሩ።

ሰው የሚሳሳተው ቤት ቻርጅ ላይ ነው። ከመኪናው ጋር የሚመጣው ተንቀሳቃሽ ገመድ 10 አምፔር ከሆነ 2.2 ኪሎ ዋት ይሰጣል፤ ባዶውን ለመሙላት 30 ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ሆኖም ሌሊቱን 10 ሰዓት ቢሰካ ከ110 ኪሎ ሜትር በላይ ይጨምራል፤ ለከተማ ውሎ በቂ ነው። የ32 አምፔር ግድግዳ ቻርጀር (7 ኪሎ ዋት) በ9 ሰዓት ይሞላል፣ ግን ለብቻው የተዘረጋ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ ገመድ፣ የራሱ ብሬከርና እውነተኛ የመሬት ሽቦ ይፈልጋል። ምጣዱ ከሚሰካበት አሮጌ ሶኬት ላይ አይሰኩት፤ ሶኬቱ ይቀልጣል። የመሬት ሽቦ ከሌለም ብዙ ቻርጀሮች ስህተት አሳይተው አይጀምሩም፤ መኪናው ተበላሸ ብለው አይደናገጡ።

መሰኪያውን ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ። ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና የቻይናውን መሰኪያ ይዞ ይመጣል፤ ፈጣን ቻርጀሩ የአውሮፓ መሰኪያ ከሆነ ያለ አስማሚ አይገጥምም። ለቤት ቻርጀር አስማሚው ቀላል ነው፤ ለፈጣኑ ግን ውድ ነው።

ጥያቄ፦ ዩዋን ፕላስ ወይስ የቮልስዋገን አይዲ ፎር?

መልስ፦ ትልቁ ልዩነት ባትሪው ነው። የዩዋኑ የብረት ፎስፌት ባትሪ ነው፤ 100 በመቶ መሙላት አይጎዳውም፣ እንዲያውም ቆጣሪው እንዳይዛባ በሳምንት አንዴ መሙላት ይመከራል። አብዛኛው አይዲ ፎር የኒኬል ባትሪ ስላለው ለዕለት ሥራ 80 በመቶ ላይ ማቆም ዕድሜውን ያራዝማል። የባለ አንድ ሞተሩ አይዲ ፎር የሚገፋው በኋላ ጎማ ስለሆነ ጭኖ ዳገት ሲነሣ የተሻለ ይይዛል፤ ዩዋኑ በፊት ጎማ ነው፣ እርጥብ ኮብልስቶን ላይ ይንሸራተታል። የዩዋኑ ከፍታ 175 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፤ ባትሪው ከሆዱ ሥር ስለሆነ የሰፈራችሁ መንገድ ድንጋይ የሚበዛበት ከሆነ ይህ ቁጥር ከሁሉም ይበልጣል።

ጥያቄ፦ በዓባይ በረሃ ቁልቁለት ለፍሬን የሚሻለው የቱ ነው?

መልስ፦ ኤሌክትሪክ፣ በአንድ ቅድመ ሁኔታ። ሲወርድ ሞተሩ ራሱ እየያዘ ባትሪውን ይሞላል። ባትሪው 100 በመቶ ሆኖ ቁልቁለቱን ከጀመሩ ግን የሚሞላበት ቦታ ስለሌለ መያዙን ያቆምና ሥራው ሁሉ ወደ ፍሬን ሸራ ይወድቃል። ጎሐ ጽዮን ሲደርሱ ከ80 በመቶ በታች ይሁን። በቤንዚን አውቶማቲክ ደግሞ "ዲ" ላይ ትታችሁ አትውረዱ፤ ወደ 2 ወይም "ኤል" ዝቅ አድርጉ። ፔዳሉ እየለሰለሰ ከመጣ የፍሬን ዘይቱ ፈልቷል፤ ቆማችሁ አቀዝቅዙ፣ ዲስኩ ላይ ግን ውሃ አታፍስሱ፣ ይጣመማል።

ጥያቄ፦ ሰነዱንስ?

መልስ፦ የሞተርና የሻንሲ ቁጥሩን ከሊብሬው ጋር ብረቱ ላይ አንብባችሁ አመሳክሩ። እገዳ እንደሌለበትና ቀረጡ እንደተከፈለ መኪናው ከተመዘገበበት ቢሮ ሳታረጋግጡ ሙሉ ክፍያ አትፈጽሙ፤ ከቀረጥ ነጻ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል ስም አይዞርም። ቦሎው ያለፈበት ከሆነ ሻጩ አስመርምሮ ያድሰው። ውሉ ሰነዶች ማረጋገጫ ፊት ይፈረም።

ጥያቄ፦ ግራንድ ቪታራ ገዛሁ። ሁለት ጎማ ብቻ አዲስ ላድርግ?

መልስ፦ አይሆንም። ሁልጊዜ በአራት ጎማ የሚሄድ መኪና ነው። የጎማዎቹ ዙሪያ ከተለያየ የመሀሉ ዲፈረንሻል ቀጥ ባለ መንገድ ላይ እንኳ ሳያርፍ ይሽከረከራል፣ ይግላል፣ ይበላል። አራቱንም በአንድ ስምና በአንድ ልክ ቀይሩ፤ ከዚያ በየ10,000 ኪሎ ሜትሩ የፊቱን ከኋላው ጋር አለዋውጡ። የዲፈረንሻልና የትራንስፈር ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ ካላወቃችሁም በዚያው ቀን አስቀይሩት።