ታግጄ አውቃለሁ፤ ለዳኝነት ልወዳደር?

ጥያቄ፦ በእንግሊዝኛው ዊኪፔዲያ ላይ በበጎ ፈቃድ መጻፍ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። አብዛኛው ሥራዬ ስለ ወንዞችና ስለ ሐይቆች ነው። ዘንድሮ በጸሐፊዎች መካከል የከረረ ጠብን ለሚዳኘው የግልግል ዳኞች ኮሚቴ ምርጫ ለመወዳደር አስቤያለሁ፤ ነገር ግን የሚያሳስቡኝ ጉዳዮች አሉ። አስተዳዳሪ (ሌሎችን የማገድና ገጾችን የመሰረዝ ሥልጣን ያለው ተጠቃሚ) ሆኜ አላውቅም። ከአምስት ዓመት በፊት ደግሞ ከአንድ ጸሐፊ ጋር በአንድ ወንዝ ርዝመት ተጣልተን፣ አንዳችን የሌላችንን ጽሑፍ ስንሽር አድረን ሁለታችንም ለ24 ሰዓት ታግደናል። እውነቱ ከእኔ ጋር ነበር፤ የሰማኝ ግን የለም። ዳኛ መሆን የምፈልገውም እንዲህ ያለው በደል በሌላ ሰው ላይ እንዳይደርስ ነው። እገዳውን በመግለጫዬ ላይ ላንሣው ወይስ ዝም ልበል? ሥራውስ ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል?

ስሜ ይቆይ

መልስ፦ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። በሁለተኛው ንባብ ዓይኔ «እውነቱ ከእኔ ጋር ነበር» የሚለው ላይ ቆመ። ያልጠየቁኝ ቢሆንም ከእርሱ ልጀምር።

ወንዙ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚረዝም ኮሚቴው አይወስንም። በጽሑፍ ይዘት ላይ መፍረድ ሥልጣኑ አይደለም። ዳኞቹ የሚመረምሩት ሰዎች እንዴት እንደተከራከሩ ነው፦ ተሳድበዋል? ምንጭ አጣመዋል? አንድ ሰው በሁለት ስም እየገባ ሁለት ሰው መስሎ ተከራክሯል? በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እንዲህ ያለው ጠብ ሲከርር የመጨረሻውን ቃል የሚሰጠው ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ጂሚ ዌልስ ነበር። ማኅበረሰቡ ሲያድግ ለአንድ ሰው የሚቻል ሸክም ስላልሆነ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2003 ኮሚቴው እንዲቋቋም አደረገ፤ በ2004 መጀመሪያም ሥራ ጀመረ። ያን ጊዜም ሆነ ዛሬ በይፋ ወደዚያ የሚደርሰው በአብዛኛው በውይይት፣ በሽምግልናና በአስተዳዳሪዎች ያልተፈታ ጉዳይ ነው።

እኔ ሁለት ጊዜ ተወዳድሬ በሁለተኛው ተመርጫለሁ። ካየናቸው ጉዳዮች አንዱን ልንገርዎት፤ ማስረጃው ለሁሉም በተከፈተ ገጽ ላይ የቀረበ ስለሆነ ምስጢር አላወጣም። ተከሳሹ የሚጽፍበትን ርእስ ከማንም በላይ ያውቅ ነበር። በክርክሩ ውስጥ ያነሣው ነጥብ ሁሉ ልክ ነበር፤ አንድም ስሕተት አላገኘሁበትም። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አካባቢ በማስረጃነት የቀረቡትን ማገናኛዎች (ሊንኮች) አንድ በአንድ እየከፈትኩ ሳነብ፣ አንዲት አዲስ ጸሐፊ አንድ ዓመተ ምሕረት አስተካክላ «ልክ ነኝ?» ብላ የጠየቀችበት ቦታ ላይ ደረስኩ። እርሱ የመለሰላት «ማንበብ ሳትችዪ አትጻፊ» ብሎ ነው። የእርሷን የሥራ መዝገብ ከፈትኩ። ሦስት መስመር ብቻ ነበረው። ሦስተኛው ያ ጥያቄ ነው፤ ከዚያ ቀን በኋላ አልተመለሰችም። ማስረጃው ሲገላበጥ እንዲህ ያሉ ብዙ ሰዎች ተገኙ። ሰውየው ከዚያ ርእስ እንዲታገድ ድምፅ ከሰጡት አንዱ ነበርኩ። እውነቱ ከእርሱ ጋር መሆኑን እያወቅሁ ነው የሰጠሁት። ያንን ድምፅ ስሰጥ እጄ ከብዶኝ ነበር፤ ዛሬም ቢሆን ግን አልቀይረውም።

አሁን ራስዎን ይጠይቁ። በእርስዎና በዚያ ጸሐፊ መካከል የነበረው ጉዳይ ዛሬ በሌሎች ሰዎች ስም ፊትዎ ቢቀርብ፣ የወንዙን ርዝመት ለሚያውቀው ወገን ሳያደሉ ማየት ይችላሉ? የወንዝ ርዝመት ደግሞ መነሻው ከየትኛው ገባር እንደሚቆጠር ስለሚለያይ ሁለት ታማኝ ምንጮች ሁለት ቁጥር ሊሰጡ እንደሚችሉ ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል። በአንድ ሌሊት በመሻሻር አይፈታም ነበር። ያሳገደዎትም ቁጥሩ ሳይሆን መሻሻሩ ነው።

እገዳውን ያንሡት። መጀመሪያ እርስዎ ያንሡት። የእገዳ መዝገብ ለማንም ክፍት ነው፤ የሚሰረዝም ነገር አይደለም። በመጀመሪያው ውድድሬ የቆየ ጥፋቴን ሳልናገር መራጮች እስኪጠይቁኝ ጠበቅሁ። በጥያቄና መልሱ በሦስተኛው ቀን አንድ መራጭ ማገናኛውን አስቀምጦ «ይህን ከእርስዎ አፍ ብንሰማው ኖሮ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ የጻፍኩት ማብራሪያ ሁሉ ሰበብ መሰለ፤ ጥፋቱ ትንሽ ነበር፣ ዝምታው ግን ትልቅ ሆነ። በሁለተኛው ውድድር በመግለጫዬ ሦስተኛ ዓረፍተ ነገር ላይ ቀኑን ጠቅሼ አስገባሁት። ስለ እርሱ የጠየቀኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። መግለጫው ከ400 ቃላት እንዳይበልጥ ስለተወሰነ ለሰበብ ቦታ የለውም፤ ይህም ይጠቅምዎታል። «ተሳስቼ ነበር፤ ዛሬ ቢሆን ምንጮቹን ይዤ ወደ ውይይት ገጹ እሄድ ነበር» ማለት ይበቃል። «ነገር ግን» የሚል ቃል ከኋላው አያስከትሉ።

በመግለጫው ውስጥ ሌላም የግድ የሚገባ ነገር አለ። ከዚህ በፊት የተጠቀሙባቸውን ሌሎች የተጠቃሚ ስሞች ማሳወቅ ይኖርብዎታል። አንዱን ለደኅንነትዎ በሕጋዊ መንገድ ከደበቁት፣ የእጩዎች ምዝገባ ሳይዘጋ ለኮሚቴው በግል ማሳወቅ ይቻላል። ለመወዳደር በጽሑፎች ላይ ቢያንስ 500 ለውጥ ማድረግ ይጠይቃል፤ እርስዎ በዘጠኝ ዓመት አልፈውት ይሆናል። ለሕዝብ ያልተገለጹ መረጃዎችን ስለሚያዩ የምስጢር ስምምነትም ይፈርማሉ።

አስተዳዳሪ አለመሆንዎ በደንቡ አይከለክልዎትም። እውነቱን ለመናገር ግን ከሚመረጡት አብዛኞቹ አስተዳዳሪዎች ናቸው፤ መራጩ ሰውን በሥልጣን ላይ ሳለ ማየት ስለሚመርጥ ይመስለኛል። እርስዎ በዚያ ፋንታ የሚያሳዩት ሥራ ያስፈልግዎታል። የሁለት ሰዎችን ጠብ ያበረዱበት የውይይት ገጽ ካለ ማገናኛውን ያስቀምጡ። እንዲህ ያለ አንድ ገጽ ከሌለዎት ግን ለዘንድሮ አይቸኩሉ።

ምርጫው በየዓመቱ እ.ኤ.አ. በኅዳርና በታኅሣሥ ይካሄዳል። ከ2009 ጀምሮ ድምፅ የሚሰጠው በምስጢር ነው፤ መራጩ ለእያንዳንዱ እጩ ድጋፍ፣ ተቃውሞ ወይም ገለልተኛ ብሎ ይመርጣል። ገለልተኛው አይቆጠርም። ከድጋፍና ከተቃውሞው ድምር ቢያንስ 50 በመቶ ድጋፍ ያላገኘ፣ ክፍት ወንበር ቢኖር እንኳ አይገባም፤ 60 በመቶ ያልደረሰ ቢገባም የሚያገለግለው አንድ ዓመት ብቻ ነው። ከማያውቋቸው ሰዎች በመቶዎች የሚቆጠር የተቃውሞ ድምፅ ማየት ያማል። ማንም ምክንያቱን አይነግርዎትም። ለዚህ ልብዎን ቀድመው ያዘጋጁት።

ስለ ጊዜው ሲጠይቁኝ ሰዎች የሚያስቡት በይፋ የሚታዩትን ጉዳዮች ነው። እነርሱስ ልክ አላቸው፤ ባለጉዳይ የሆነ ሰው ማስረጃውን በ1,000 ቃላትና በ100 ማገናኛዎች እንዲወስን ይጠየቃል፣ ሌላው ሰው ደግሞ በግማሹ። የማያልቀው ኢሜይሉ ነው። ልጁ ፎቶግራፉ ያለ ፈቃድ የተለጠፈበት አባት፣ የቤት አድራሻዋ የተገለጠባት ጸሐፊ፣ ከታገደ ሦስት ዓመት ሆኖት ይግባኝ የሚል ወጣት፣ ሁሉም በአንድ ሳጥን ይገባሉ። እኔ ከሥራ መልስ በየምሽቱ ሁለት ሰዓት ያህል እሰጥ ነበር፤ ጉዳይ ሲከፈት ቅዳሜና እሑድም ይጨመራል። ክፍያ የለውም። ያገድነው ሰው እውነተኛ ስሜን ፈልጎ ያገኘበት ጊዜም ነበር። ስለዚህ እጩ ከመሆንዎ በፊት አብረውዎት ከሚኖሩት ጋር ይነጋገሩ፤ ስምዎ ቢወጣ የሚነካው እርስዎን ብቻ አይደለም።

ከአንድ ሰው ጋር ታሪክ ካለዎት ከጉዳዩ ራስዎን ማግለል እንዳለብዎት ያውቃሉ። የዚያ የወንዝ ጸሐፊ ጉዳይ ቢመጣ አይነኩትም።

አሁንም እየጻፈ ከሆነ ግን እጩነትዎን ከማስገባትዎ በፊት በውይይት ገጹ ላይ አጭር መልእክት ይተዉለት። ስለ እገዳው በመግለጫዎ ላይ ሊጽፉ መሆኑን፣ ስሙን እንደማይጠቅሱም ይንገሩት። ምናልባት ደግ መልስ ይሰጥዎታል፤ ምናልባትም የድሮውን ቁጥር እንደገና ያነሣል። መልሱን ሲያነቡ ስለ ወንዙ ርዝመት ሊያስረዱት እጅዎ ወደ ቁልፉ ከሄደ፣ ዘንድሮን ይለፉትና በሚቀጥለው ዓመት ይጻፉልኝ።