«ቀነሰ» ሲሉ ማን ቀነሰ? ስለ ሴሮቶኒንና ናኖ ቅንጣት ሲጻፍ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የሳይንስ ዜና መጻፍ እየተለማመድኩ ነው። ናኖ ቅንጣቶች (እጅግ ጥቃቅን ቅንጣቶች) በነርቭ ሴሎችና በመካከላቸው መልእክት በሚያደርሰው ሴሮቶኒን ላይ ምን እንደሚያደርሱ ስለሚያጠኑ አንዲት ተመራማሪ ለልምምድ ይህን ጻፍኩ፦ «ተመራማሪዋ ናኖ ቅንጣቶች ሴሮቶኒን በመቀነስ የነርቭ ሴሎችን እንደሚጎዱ አረጋገጡ።» አርታኢዬ «ሰዋስዉ ልክ ነው፤ ምን እንደተደረገ ግን አልገባኝም» አሉኝ። ችግሩ የቱ ጋ ነው? ደግሞስ «ተመራማሪዋ» ካልኩ በኋላ «አረጋገጡ» ማለት ይቻላል?

መልስ፦ ከቀላሉ ልጀምር። «ተመራማሪዋ አረጋገጡ» ምንም ስህተት የለበትም። «-ዋ» ሴት መሆናቸውን ትነግረናለች፤ ግሱ ደግሞ አክብሮቱን ይዟል። «አረጋገጠች» ቢሉም ያስኬዳል። አንዱን ይምረጡና እስከ መጨረሻው ይዝለቁበት። ከአንዱ ወደ ሌላው መዝለል ነው ደስ የማይለው።

አርታኢዎ ግን እውነት አላቸው። ዓረፍተ ነገሩ ሦስት ግሶች አሉት። ሦስቱም አንድ ሙከራ ሊናገር ከሚችለው በላይ ይናገራሉ።

በጣም የሚያስቸግረው «ቀነሰ» ነው። የአማርኛ ግስ ብዙውን ጊዜ ድርጊቱ በራሱ መሆኑንና ሌላ አካል ማድረጉን በቅርጹ ይለያል። «ወረደ» እና «አወረደ»፣ «ፈሰሰ» እና «አፈሰሰ» እንላለን። «ቀነሰ» ግን እንዲህ ያለ ጥንድ የለውም። «ድምፁ ቀነሰ» ስንል በራሱ ወረደ ማለታችን ነው፤ «ልጁ ድምፁን ቀነሰ» ስንል ደግሞ አድራጊ አለ። ግሱ ያው ነው። «አስቀነሰ» ብንል ሌላ ሦስተኛ ወገን ይገባበታል። «ጨመረ»ም የዚሁ ዘመድ ነው።

እርስዎ «ሴሮቶኒን በመቀነስ» ብለዋል። የተሳቢዋን «-ን» ጥለዋታል፤ በንግግር ሁላችንም እንጥላታለን። ስለዚህ አንባቢው ቅንጣቶቹ ሴሮቶኒኑን ቀነሱት ወይስ ሴሮቶኒኑ ራሱ ቀነሰ ብሎ ይጠይቃል። «ሴሮቶኒንን በመቀነስ» ካሉ አድራጊዎቹ ቅንጣቶቹ ናቸው። «ሴሮቶኒን በመቀነሱ» ካሉ ደግሞ መቀነሱን ብቻ ተናገሩ፤ ማን እንደቀነሰው አላሉም። በአንዲት ፊደል ክስ ይመሠረታል ወይም ይቀራል!

ነገሩ እዚህ አያበቃም። «ሴሮቶኒን ቀነሰ» የሚለው ራሱ የትኛውን እንደሚናገር ግልጽ አይደለም። ሴሮቶኒን ትሪፕቶፋን ከሚባል አሚኖ አሲድ ይሠራል። በሴሉ ውስጥ በጥቃቅን ከረጢቶች ይከማቻል። መልእክት ሲመጣ ወደ ውጭ ይለቀቃል። ከዚያ በሌላው ሴል ላይ ካሉት ተቀባዮች፣ ማለትም መልእክቱን ከሚቀበሉት ፕሮቲኖች ጋር ይገናኛል። በመጨረሻም አጓጓዥ ፕሮቲን ወደ ለቀቀው ሴል መልሶ ያስገባዋል፤ ቀሪው በኢንዛይም ይፈርሳል። መልእክቱ ከነዚህ በየትኛውም ደረጃ ሊዳከም ይችላል። የተቀባዮቹ ቁጥር አነሰ እንበል። ሴሮቶኒኑ እንዳለ ነው፤ የቀነሰው ሰሚው ነው። ያኔ «ሴሮቶኒን ቀነሰ» ብለው ከጻፉ ተሳሳቱ።

«ጨመረ»ም እንዲሁ ያሳስታል። ፍሉኦክሲቲን የሚባለው የድብርት መድኃኒት «ሴሮቶኒን ይጨምራል» ሲባል እንሰማለን። መድኃኒቱ ግን ሴሮቶኒን አይሠራም። ወደ ሴሉ ተመልሶ እንዳይገባ ነው የሚያግደው። የተለቀቀው በሁለቱ ሴሎች መካከል ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል። ስለዚህ «ሴሮቶኒን ከሴሎቹ መካከል ቶሎ እንዳይወገድ ያደርጋል» ቢባል ይሻላል።

መፍትሔው የመለኪያ መሣሪያውን ማየት ነው። በዚህ ዘርፍ ከሚሠራባቸው ዘዴዎች አንዱ ከካርቦን የተሠራ ቀጭን ኤሌክትሮድ ነው። ሴሉ አጠገብ ይቀመጥና ሴሮቶኒን በተለቀቀ ቁጥር የሚፈጠረውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ፍሰት ይመዘግባል። እንዲህ ከተለካ ያወቅነው የሚለቀቀውን ነው። «ከሴሎቹ የሚለቀቀው ሴሮቶኒን ቀነሰ» ይበሉ። በውስጣቸው ስላለው ወይም ስለ ተቀባዮቹ ያ ኤሌክትሮድ ምንም አልነገረንም።

አሁን ወደ «ይጎዳሉ» እንሂድ። ይህ የግስ መልክ በአማርኛ ሕግ የሚደነግግ ይመስላል። «ፀሐይ በምሥራቅ ትወጣለች» እንደማለት ነው። «ናኖ ቅንጣቶች ይጎዳሉ» ካሉ ሁሉም፣ ሁልጊዜ፣ የትም ይጎዳሉ እያሉ ነው። ናኖ ቅንጣት ደግሞ የአንድ ቁስ ስም አይደለም፤ የመጠን ስም ነው። ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር የሚሆነውን ነው የምንጠራበት፤ አንድ ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ወርቅም፣ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድም፣ የብረት ኦክሳይድም በዚህ መጠን ይሠራሉ። ጠባያቸው ለየቅል ነው። አንዳንድ የብረት ኦክሳይድ ናኖ ቅንጣቶች በኤምአርአይ ምርመራ ምስሉን ይበልጥ ግልጽ ለማድረግ ያገለገሉ ናቸው። መጠኑ፣ የላይኛው ሽፋኑ፣ የተሰጠው ብዛት፣ ሴሎቹ የቆዩበት ሰዓት፣ ሁሉም ውጤቱን ይለውጣሉ።

እዚህ ላይ አማርኛ አንድ ቆንጆ ነገር ሰጥቶናል። «ቅንጣቶች» ጅምላውን ይናገራል፤ «ቅንጣቶቹ» የተሞከሩትን ብቻ። ግሱንም ወደ ኃላፊ ጊዜ ይውሰዱት። «ቅንጣቶቹ ሴሎቹን ጎዱ» አንድ ሙከራ ላይ የሆነውን ይተርካል። ሕግ አያወጣም። እኔ ግን «ጎዱ»ንም እጠረጥራለሁ። ሴሉ ሞተ? ኦክሲጅን አዘል ጎጂ ሞለኪውሎች በዙበት? ወይስ በሕይወት እያለ መልቀቅ ብቻ ቀነሰ? ሦስቱ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የታየውን ይጻፉ።

«ሴሎች»ም የት ያሉ እንደሆኑ ይነገር። በላብራቶሪ ሳህን ላይ ያደገ ሴልና በሕያው አንጎል ውስጥ ያለ ሴል አንድ አይደሉም። ወደ ሰውነት የገባ ቅንጣት መጀመሪያ በደም ውስጥ ፕሮቲን ይለብሳል። ከዚያ ደምን ከአንጎል የሚለየውን አጥር ማለፍ አለበት። ሳህኑ ላይ ይህ ሁሉ የለም።

«አረጋገጡ» የሚለውን ለብዙ ጊዜ ለተደጋገመ ውጤት ይተዉት። «አስተዋሉ»፣ «አገኙ»፣ «አሳዩ» አሉልዎ። ብዙ ጸሐፊ ጥንቃቄ ሲፈልግ «ሊጎዱ ይችላሉ» ይላል። ይህም ወጥመድ አለበት። «ይችላል» በአማርኛ አቅምንም ጥርጣሬንም ይይዛል። «ቅንጣቶቹ ወደ ሴሉ ሊገቡ ይችላሉ» ሲባል መግባታቸው ታይቷል ወይስ ተገምቷል? ከታየ «ገብተው ታዩ» ይበሉ። ከተገመተ «ይገቡ ይሆናል»።

አንድ የተደበቀ ነገር ልጨምር። «ዝናብ ዘንቦ መንገዱ ጨቀየ» ስንል ምክንያት የሚል ቃል የለም፤ ግን ማንም ምክንያቱን ይረዳል። «ቅንጣቶቹ ገብተው ሴሎቹ ሞቱ» ቢሉም አንባቢው ቅንጣቶቹ ገደሏቸው ብሎ ያነባል። የምክንያቱ ማስረጃ ከሌለ «ከገቡ በኋላ» ይሻላል። «በኋላ» ቅደም ተከተሉን ብቻ ይናገራልና።

እንግዲህ ሙከራው በሳህን ላይ ከነበረ፣ የተለካውም የሚለቀቀው ከሆነ፣ እኔ እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ «ተመራማሪዋ በላብራቶሪ ያደጉ የነርቭ ሴሎች ለቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ናኖ ቅንጣት ከተጋለጡ በኋላ የሚለቁት ሴሮቶኒን መቀነሱን አስተዋሉ።» ረዝሟል፣ አውቃለሁ። ለርዕስ ከበዛብዎት የቁሱን ስም ወደ መግቢያው ያውርዱት። «በላብራቶሪ ያደጉ» የሚለውን ግን እንዳይነኩት።

ቀጥለው «የደስታ ሆርሞን የሆነው ሴሮቶኒን» ብለው ሊያስተዋውቁት ካሰቡ ይተዉት። በሰውነታችን ካለው ሴሮቶኒን 90 በመቶ ገደማ የሚገኘው አንጀት ውስጥ ነው። አንጎል ውስጥም ከአሥር በላይ ዓይነት ተቀባዮች አሉት፤ አንዳንዶቹ ሴሉን ያነቃቃሉ፣ አንዳንዶቹ ያቀዘቅዛሉ። «በነርቭ ሴሎች መካከል መልእክት የሚያደርሰው ሴሮቶኒን» ማለት ይበቃል።