የሳንባ ምች በየትኛው ባክቴሪያ? ከላብራቶሪ በኩል ጥያቄና መልስ

ሞቃታማ አገሮች ውስጥ ሆስፒታል የተኙ ሰዎች ላይ የሳንባ ምች ስለሚያመጡ ባክቴሪያዎች ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ጥያቄው በዛ፤ ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። አብዛኞቻችሁ «ዶክተር» ብላችሁ ነው የጀመራችሁት። ሐኪም አይደለሁም፤ የማይክሮባዮሎጂ ላብራቶሪ ሰው ነኝ። መድኃኒት አላዝም። አክታችሁ እኛ ጋ ሲደርስ ምን እንደሚገጥመው ግን በደንብ አውቃለሁ።

ጥያቄ፦ አባቴ የሳንባ ምች ይዞት ተኝቷል። ሐኪሙ «የትኛው ባክቴሪያ እንደሆነ ገና አልታወቀም» እያለ መርፌ ጀምሮለታል። ሳይታወቅ እንዴት ይታዘዛል?

እግዜር ይማርልህ። ሐኪሙ ያደረገው ትክክል ነው። ካልቸር ባክቴሪያውን አሳድጎ፣ ስሙን ለይቶ፣ የትኛው መድኃኒት እንደሚያጠፋው እስኪያሳይ ሁለት ሦስት ቀን ይፈጃል። የሳንባ ምች ያን ያህል ጊዜ አይሰጥም። ስለዚህ በብዛት የሚያጋጥሙትን ታሳቢ አድርጎ ይጀምራል፤ ውጤት ሲመጣ ያስተካክላል። ከቤቱ ታሞ ለመጣ ሰው ቀዳሚው ተጠርጣሪ ኒሞኮከስ የሚባለው ባክቴሪያ ነው። በደቡብ ምሥራቅ እስያ ክሌብሲየላ የሚባለው ባክቴሪያም አብሮ ይታሰባል፤ በተለይ ስኳር ያለበት ወይም መጠጥ የሚያበዛ ሰው ከሆነ።

ጭራሽ ላይታወቅም ይችላል፤ ያኔ አትደንግጥ። የደም ካልቸር የሚያበቅለው ከ100 የሳንባ ምች ታማሚዎች ከ5 እስከ 15 በሚሆኑት ላይ ነው። ማይኮፕላዝማና ሌጂዮኔላ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ደግሞ በተለመደው ካልቸር አይበቅሉም። ነገሩ ቫይረስም ሊሆን ይችላል።

ጥያቄ፦ እናቴ ለሌላ ሕመም ገብታ በአምስተኛው ቀን የሳንባ ምች ያዛት። ጎረቤታችን በዚያው በሽታ ቀላል መድኃኒት ነው የተሰጣት። ለእናቴ ለምን ከበደ?

የበሽታው ስም አንድ ነው፤ የሚያመጡት ባክቴሪያዎች ግን ይለያያሉ፣ እህቴ። ሆስፒታል ከተገባ 48 ሰዓት ካለፈ በኋላ የጀመረው ለብቻው የሚታየው ለዚህ ነው። በጠና የታመመ ሰው ጉሮሮ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች በጥቂት ቀናት ውስጥ ይቀየራሉ። የሆስፒታሎቹ ቦታውን ይይዛሉ። ከዚያ ሲተኛ ትንሽ ትንሽ ወደ ሳንባ ይወርዳሉ። ጤነኛ ሰውም ላይ ይወርዳል፤ ግን ይስልና ያወጣዋል። ደካማ ሰው፣ ይባስ ብሎ ቱቦ የገባለት ሰው፣ ይህ አቅም የለውም።

እዚህ ጋ የሚመላለሱት ክሌብሲየላ፣ ሲውዶሞናስ፣ አሲኔቶባክተር፣ ኢ ኮላይና ስታፍ ኦሪየስ ናቸው። እኛ ጋ ጠዋት ባክቴሪያው የሚበቅልበት ሳህን ሲከፈት አንዳንዶቹ ገና ሳይመረመሩ ራሳቸውን ያስታውቃሉ። ሲውዶሞናስ አረንጓዴ ቀለም ይለቃል፤ የወይን ፍሬ የሚመስል ሽታም አለው። ክሌብሲየላ ዝልግልግ ነው፤ በሽቦ ነካ አድርገሽ ስታነሺው እንደ ማር ይሳባል። አሲኔቶባክተር ለዓይን ምንም የተለየ ነገር የለውም። ጉዱ ያለው ደረቅ ነገር ላይ፣ የአልጋ ብረትም ይሁን የመሣሪያ ቁልፍ፣ ለሳምንታት መቆየቱ ላይ ነው። እንደ ሜሮፔነም ያሉትን ጠንካራ መድኃኒቶች የተላመደው ዝርያው፣ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2017 አውጥቶ በ2024 ባደሰው አሳሳቢ ባክቴሪያዎች ዝርዝር ከፍተኛው ምድብ ላይ ነው ያለው። የእናትሽ መድኃኒት የከበደው እነዚህን ለመድረስ ነው።

ጥያቄ፦ ነርስ ነኝ። የላክነውን አክታ ላብራቶሪ «ተስማሚ አይደለም» ብሎ ይመልሰዋል። ሰው ታሞ እያየን ምን ያህል ታስቸግሩናላችሁ?

ይህን ጥያቄ ስጠብቀው ነበር። «አክታ» ተብሎ ከሚመጣልን ብዙው ምራቅ ነው። በማይክሮስኮፕ በትንሹ ማጉያ ስናየው በአንድ እይታ ከ25 በላይ ነጭ የደም ሴል፣ ከ10 በታች ደግሞ የአፍ ሽፋን ሴል እንዲኖር እንፈልጋለን። የአፍ ሴሎቹ ሰፋፊና ጠፍጣፋ ናቸው፤ ሞልተው ካየናቸው ናሙናው ከሳንባ አልመጣም። እሱን ካበቀልነው የአፍ ባክቴሪያ ስም ጽፈን እንልክላችኋለን። እናንተም ላልነበረ በሽታ መድኃኒት ትሰጣላችሁ። ቢመለስ አይሻልም?

ታማሚው አፉን በውሃ ይጉመጥመጥ። ቁጭ ብሎ በረጅሙ ይተንፍስና ከሥር ይሳል። ጠዋት ሲሆን ጥሩ ነው። ከመጀመሪያው አንቲባዮቲክ በፊት ቢወሰድ ይመረጣል፤ አክታ እየተጠበቀ መድኃኒት ግን አይዘግይ። ከዚያ በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ እኛ ጋ ይድረስ።

ሙቀት ባለበት አገር ይህ የመጨረሻው ነገር ዋዛ አይደለም። ጠረጴዛ ላይ ባረፈደ ብልቃጥ ውስጥ ኒሞኮከስ ራሱን በራሱ ያፈርሳል። እነ ክሌብሲየላ ግን ሙቀቱ ተመችቷቸው ይራባሉ። አንድ ዶዝ አንቲባዮቲክ ቀድሞ ከገባ ደግሞ ኒሞኮከስን ማግኘት ዘበት ነው። በዚያ ላይ እሱ የሚያድግበት ሳህን ጥሩ የበግ ወይም የፈረስ ደም ይፈልጋል። በጀት ያጠረው ላብራቶሪ ግን ከደም ባንክ የተረፈ፣ ጊዜው ያለፈበት የሰው ደም ይጠቀማል፤ በእሱ ላይ ደህና አድርጎ አይወጣም።

ስለዚህ ከአንድ ሞቃታማ አገር ሆስፒታል «እዚህ ቀዳሚው ክሌብሲየላ ነው፤ ኒሞኮከስ ጥቂት ነው» የሚል ሪፖርት ሳነብ ቶሎ አይዋጥልኝም። እውነት ሊሆን ይችላል፤ እውነት የሆነባቸው ቦታዎች አሉ። ግን መጀመሪያ አክታው መቼ እንደተወሰደ፣ ምን ያህል እንደቆየና በምን ላይ እንደተዘራ ማየት እፈልጋለሁ። ብዙ ጊዜ እነዚህ ሦስቱ አይጻፉም።

ጥያቄ፦ አክታው አረንጓዴ ከሆነ ባክቴሪያ ነው ማለት ነው?

አይደለም። ቀለሙ ከነጭ የደም ሴሎች የሚመጣ ነው። በቫይረስም ጊዜ ይታያል።

ጥያቄ፦ ውጤት ላይ «ግራም ኔጌቲቭ» ይላል። ይህ ግራም ከየት መጣ?

የሚገርመው ከዚሁ ከሳንባ ምች ነው። እ.ኤ.አ. በ1884 ሃንስ ክርስቲያን ግራም የተባለ ዴንማርካዊ ሐኪም በርሊን ውስጥ በሳንባ ምች የሞቱ ሰዎችን ሳንባ ይመረምር ነበር። ባክቴሪያውን ከሥጋው ለይቶ የሚያሳይ ቀለም ሲፈልግ፣ አንዳንዶቹ ሐምራዊውን ቀለም እንደሚይዙ፣ አንዳንዶቹ ደግሞ ሲታጠቡ እንደሚለቁት አየ። ኒሞኮከስ ይይዛል፤ ክሌብሲየላ ይለቃል። የሚይዘው «ግራም ፖዘቲቭ»፣ የሚለቀው «ግራም ኔጌቲቭ» ይባላል። ዛሬም ከካልቸር ቀድሞ በደቂቃዎች የሚደርስ ፍንጭ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ሜሊዮይዶሲስ ከቲቢ ጋር ይምታታል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው?

እውነት ነው። የሚያመጣው ቡርኮልዴሪያ ሱዶማላይ የሚባል፣ አፈርና ውሃ ውስጥ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። ሰሜን ምሥራቅ ታይላንድና ሰሜን አውስትራሊያ በደንብ ያውቁታል። በዝናብ ወራት ይበዛል። ጭቃ ውስጥ ሲሠራ የሚውል የሩዝ ገበሬ፣ በዚያ ላይ ስኳር ካለበት፣ ዋናው ተጋላጭ ነው። ሳንባን ይይዛል፤ ጉበት ላይ መግል ሊቋጥር ይችላል። ቀስ ብሎ የሚሄደው ዓይነት በራጅ ቁርጥ ቲቢ ይመስላል።

ለሳንባ ምች የተለመደው ሴፍትሪያክሶን ለዚህ አይበቃም። በሴፍታዚዲም ወይም በሜሮፔነም በደም ሥር ቢያንስ ሁለት ሳምንት ያህል ይታከማል፤ ከዚያ ለሦስት ወር ገደማ ኮትሪሞክሳዞል ይዋጣል። እኛም ልናልፈው እንችላለን። ሳህን ላይ ቀስ ብሎ ስለሚያድግ «ብክለት ነው» ተብሎ የሚጣልበት ላብራቶሪ አለ። ሐኪሙ በመጠየቂያው ወረቀት ላይ «ገበሬ፣ ስኳር አለበት፣ በመድኃኒት አልተሻለውም» ብሎ ቢጽፍ ሳህኑን ሳንጥል እናቆየዋለን። የሚመጣልን ወረቀት ግን አብዛኛውን ጊዜ ዕድሜና ፆታ ብቻ ነው ያለበት።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ጽኑ ሕሙማን ክፍል በመተንፈሻ መሣሪያ ነው ያለው። ከቱቦው የተወሰደው «አሲኔቶባክተር» ይላል። ሐኪሞቹ ግን መድኃኒት አልጀመሩም። ችላ ብለውት ይሆን?

የግድ አይደለም። ቱቦ ላይ የተገኘ ባክቴሪያ ሁሉ ሳንባ ውስጥ ገብቶ እያሳመመ ነው ማለት አይደለም። ዝም ብሎ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። አዲስ ትኩሳት ከሌለ፣ በራጁ ላይ አዲስ ነገር ካልታየና የኦክስጅን ፍላጎቱ ካልጨመረ ጠብቆ ማየት ያስኬዳል። ለዚህ ባክቴሪያ የሚቀሩት እንደ ኮሊስቲን ያሉ መድኃኒቶች ኩላሊት ይጎዳሉና እንዲሁ አይጀመሩም። ሐኪሙን «ካለፈው የተለወጠ ነገር አለ?» ብለህ ጠይቀው። ከልካይ ነገር ከሌለ ራስጌው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ከፍ ማለቱን፣ አፉ በየቀኑ በብሩሽ መጽዳቱንም ጠይቅ። አንተም ወደ አልጋው ስትጠጋና ስትመለስ እጅህን ታጠብ።