ዓይኔን በቀለም ፎቶ ሊያነሱኝ ነው፤ ጡት ላቁም?

የዓይን ክፍል ነርስ ነኝ። የሬቲና (የዓይን የውስጥ ጀርባ) ደም ሥሮች በፎቶ እንዲታዩ ቀለሙን በደም ሥር የምወጋውም፣ ካሜራው ጋ የምቆመውም እኔ ነኝ። የሚያጠቡ እናቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር ስላለ ዛሬ ጠይቁኝ ብያለሁ።

ጥ፦ ስኳር አለብኝ። ሬቲናዬን በቢጫው ቀለም ሊያነሱኝ ለሐሙስ ቀጥረውኛል። ልጄ አራት ወሩ ነው። «ሳምንት አታጥቢ» ያለኝ ሰው አለ። እውነት ነው?

መ፦ እህቴ፣ ወሬው ከባዶ የመጣ አይደለም። ቢጫው ቀለም ፍሎረሲን ይባላል፤ ወደ ወተት ይገባል፣ ቶሎም አይወጣም። ግን ምን ያህል? አንዲት እናት ቀለሙን በተወጋች በ6 ሰዓት ወተቷ ሲለካ በአንድ ሚሊ ሊትር 372 ናኖግራም ተገኘ፣ በ76 ሰዓት ደግሞ 170። ልጅሽ በቀን 700 ሚሊ ሊትር ይጠባል ብንል፣ ትልቁን ቁጥር ይዘን እንኳ ሩብ ሚሊግራም ገደማ ይደርሰዋል። አንቺ የምትወጊው አብዛኛውን ጊዜ 500 ሚሊግራም ነው። የአንዲት እናት ልኬት ብቻ መሆኑን አልደብቅሽም፤ ለዚህም ነው አንዳንድ የመድኃኒት መመሪያ ለቀናት ወተቱን ድፊ የሚለው። እኔ ግን ቀኑን ጠብቆ ለተወለደ ጤነኛ የአራት ወር ልጅ ጡት ማስጣል አያስፈልግም ከሚሉት ወገን ነኝ። ከልብሽ ካልወጣ ከምርመራው በፊት ጥቂት አልበሽ አስቀምጪና የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት በእሱ እለፊ። የልጁንም ሐኪም ጠይቂ።

አንዲት እናት ሦስት ቀን ልጇን ከልክላ፣ ሳታልብም ቆይታ፣ ጡቷ እንደ ድንጋይ ጠጥሮ ትኩሳት ይዟት አይቻለሁ። ከቀለሙ ይልቅ የጎዳት ምክሩ ነው።

ጥ፦ ሚስቴ ከወለደች አምስት ቀኗ ነው። ሕፃኑ ቢጫ ሆኖ ሰማያዊ መብራት ሥር ነው። እሷ ዓይኗ ደብዝዞ ይሄው ምርመራ ታዞላታል።

መ፦ ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ቀልድ የለም። ፍሎረሲን የሚያበራው ሰማያዊ ብርሃን ሲመታው ነው፤ የእኛ ካሜራ የሚያበራው ብርሃንም፣ የልጅህ መብራትም ሰማያዊ ነው። ያለጊዜው የተወለደ አንድ ሕፃን ቀለሙን ራሱ ተወግቶ እንዲህ ዓይነት መብራት ሥር ሲቆይ ቆዳው ተቃጥሎ ውሃ መቋጠሩ ተመዝግቧል። እሱ በቀጥታ የተወጋ ነው፣ በወተት ያገኘ አይደለም። ቢሆንም መብራቱ ላይ ያለ ልጅ ቀለም ከተወጋች እናት አይጥባ። እሷ በየሦስት ሰዓቱ እያለበች ትድፋ፣ ወተቷ እንዳይደርቅ። ምርመራው ጥቂት ቀን መቆየት ይችል እንደሆነም የዓይን ሐኪሟንና የሕፃናት ሐኪሙን አነጋግሩ።

ጥ፦ የጠዋት ፀሐይስ? እኛ ቤት ልጅ ሳይሞቅ አይውልም።

መ፦ እናቱ ቀለሙን ከተወጋች በኋላ ለጥቂት ቀን ቢቀር ምን ይጎድላል? እኔ ብሆን እዘለው ነበር።

ጥ፦ አማቴ «አጥሚት እየጠጣሽ ቀለሙን አውጪው» ይሉኛል።

መ፦ ጠጪ፣ ስኳር ካለብሽ ግን ማሩን ተዪው። ቀለሙን የሚያስወጣው ኩላሊትሽ ነው። ፊትሽ ለጥቂት ሰዓታት ቢጫ ይሆናል፣ ሽንትሽም እስከ ማግስቱ ብርቱካን ይመስላል። አማትሽ የወፍ በሽታ ያዛት ብለው እንዳይደነግጡ ቀድመሽ ንገሪያቸው!

ጥ፦ ለእኔ የታዘዘው አረንጓዴው ነው።

መ፦ ኢንዶሲያኒን ግሪን ነው። ደም ውስጥ ከፕሮቲን ጋር ተጣብቆ በጉበት በኩል ወደ ሐሞት ይወጣል፤ ከደም የሚጸዳው በደቂቃዎች ነው። ሕፃን ቢውጠውም አንጀቱ አይቀበለውም። ለጡት ከቢጫው ይልቅ ያነሰ ያሳስበኛል። አዮዲን ስላለበት አለርጂ ካለሽ ለሐኪምሽ አስቀድመሽ ተናገሪ።

ጥ፦ ዓይኔን ጥፍር ጭሮት በወረቀት ቢጫ ቀለም ነክተውኛል። ላጥባ?

መ፦ አጥቢ። ያ ዓይን ላይ ብቻ የሚነካ ትንሽ ቀለም ነው፣ በደም ሥር የሚወጋው አይደለም።

ጥ፦ ጨርሶ ያለ ቀለም አይሆንም?

መ፦ አንዳንዴ ይሆናል። ኦሲቲ የሚባለው ምስል ያለ መርፌ ሬቲናን በንብርብር ያሳያል፤ የደም ሥር የሚያሳይ ዓይነትም አለው። ደም ሥሩ እያፈሰሰ መሆኑን ግን እንደ ቀለሙ አያሳይም፤ ሐኪሙ በቀለም ይሁን ያለበት ምክንያት ይኖረዋል። ለማንኛውም መርፌው ሳይገባ በፊት ልጁን አጥግበሽው ግቢ፤ ቀለሙ አንዳንዱን ሰው ወዲያው ያቅለሸልሸዋል። የዓይን ማስፊያው ጠብታ ለሰዓታት ያደበዝዛል፤ ልጁን አቅፎ ደረጃ የሚወርድልሽ ሰው ይዘሽ ነይ።