መልስ፦ ጉንፋኑ ለቆህ ሳሉ ለምን አልለቀቀህም?

ወንድሜ፣ «ጉንፋኑ ከለቀቀኝ ሦስት ሳምንት ሆነው፣ ሳሉ ግን አለ፤ ቫይረሱ አሁንም ውስጤ ነው ማለት ነው?» ብለሃል። አብዛኛውን ጊዜ አይደለም። ቫይረሱ ሄዷል፤ መጥረጊያህን ሰባብሮ ነው የሄደው።

መጥረጊያው ሲሊያ ይባላል። በአየር ቧንቧችን ውስጥ አንዱ ሕዋስ ብቻ አናቱ ላይ 200 ገደማ ፀጉር መሰል ሲሊያ አለው። ነፋስ እንደነካው የጤፍ ማሳ ይወዛወዛሉ፤ በሰከንድ 10 ጊዜና ከዚያም በላይ። አቧራና ጀርም የያዘውን ንፍጥ ወደ ጉሮሮ ይገፉታል፤ እኛም ሳናውቀው እንውጠዋለን (ምሳ ላይ ከሆንክ ይቅርታ)።

የኮቪዱ ቫይረስ ግን ጉደኛ ነው። ንፍጡን በቀላሉ ስለማያልፍ ሲሊያው ላይ ይለጠፍና እሱኑ ይዞ ወደ ሕዋሱ ይወርዳል። ሊጠርገው የመጣውን መጥረጊያ መሰላል አደረገው! ኢንፍሉዌንዛ ደግሞ ንፍጡ ውስጥ ጠልፈው የሚይዙትን ስኳሮች የሚቆርጥበት የራሱ ኢንዛይም አለው። አንዴ ከገቡ በኋላ ሕዋሱ ሲሊያውን ያጣል፣ ወይም ጭራሽ ይሞታል።

አዲስ እስኪበቅል ሳምንታት ይፈጃል። እስከዚያ ንፍጡን የማውጣቱ ሥራ ሳል ላይ ይወድቃል። ከሲጋራና ከከሰል ጭስ ራቅ፤ ሲሊያን ያዳክማሉ። ሻይ በማር ጉሮሮ ያለሰልሳል እንጂ ሲሊያ አያበቅልም።

ግን እኛ አገር ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ የቆየ ሳል የቲቢ ምርመራ ያስፈልገዋል። ነገ ዛሬ ሳትል ጤና ጣቢያ ሄደህ አክታህን አስመርምር።