ዱንን ላስመጣ ወይስ ይቅርብኝ? የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ሰላም ናችሁ። ስድስት ጓደኛሞች ነን፣ ፒያሳ ነው አብረን ያደግነው፣ ሰፈሩ ከፈረሰ በኋላ ግን አንዱ አያት አንዱ ጀሞ ሆነን ተበታተንን። አሁን እሁድ እሁድ አራት ኪሎ አንደኛው ጓደኛችን ቤት ነው የምንገናኘው፣ ካርታ ተጫውተን ተጫውተን ሰልችቶናል። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ልትመጣ ነውና ዱን የሚባለውን ቦርድ ጌም አዲሱን እትም ላምጣልህ ወይ አለችኝ፣ ሻንጣዋ ግን የሰው እቃ ሞልቶታል። ላስቸግራት? ከድሮውስ ምን ይለየዋል?

መልስ፦ ወንድሜ፣ "ስድስት ነን" ያልከው ላይ ስደርስ መልሴን ጨርሻለሁ፣ ታምጣልህ። ከ2 እስከ 6 ሰው ይጫወተዋል ተብሎ ነው የሚሸጠው፣ ግን ጨዋታው ሙሉ የሚሆነው በ6 ሰው ነው፣ ሳጥኑንማ ዘመድ ያመጣዋል፣ በየሳምንቱ የሚመጣ ስድስት ሰው ነው የሚጠፋው፣ እናንተ ደሞ አላችሁ።

ታሪኩን ባጭሩ ልንገርህ። መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ በ1979 ነው፣ አሳታሚው አቫሎን ሂል፣ የፈጠሩት ደሞ ቢል ኤበርሊ፣ ጃክ ኪትሬጅና ፒተር ኦሎትካ። መነሻው ዱን የሚለው የፍራንክ ኸርበርት የ1965ቱ ልቦለድ ስለሆነ የስሙ መብት አስቸግሮ ለብዙ አመት ሳይታተም ቆየ። እንደውም በ2012 ፋንታሲ ፍላይት የሚባለው ኩባንያ ጨዋታውን ይዞ ታሪኩን ሌላ አለም ላይ አድርጎ ሬክስ በሚል ስም ነው ያወጣው። በራሱ ስም የተመለሰው በ2019 ጌል ፎርስ ናይን በሚባል አሳታሚ በኩል ነው፣ አንተ አዲሱ የምትለው እሱን ነው። ህጉ ከድሮው ብዙ አልተነካም፣ አጻጻፉ ጠርቷል፣ ስእሉ ታድሷል፣ 15 ዙር የነበረው 10 ሆኗል። 10 ዙር ሲባል ቀላል እንዳይመስልህ፣ እኛ ስድስት ሆነን ከምሳ በኋላ ጀምረን ሲመሽ ነው የምንጨርሰው፣ በረካው ተጠጥቶ ሌላ ጀበና ይጣዳል፣ ስለዚህ ጀሞ የሚገባው ልጅ ታክሲ እንዳያጣ በጊዜ ጀምሩ።

ቦርዱ አራኪስ የሚባል በረሃ ፕላኔት ነው፣ 5 ምሽግ አለው፣ ዙሩ ሲያልቅ 3ቱን ይዞ የተገኘ ያሸንፋል፣ ሁለት ሆናችሁ ከተባበራችሁ ደሞ 4 ያስፈልጋችኋል። ገንዘቡ ቅመም ነው። አሸዋው ላይ ይወጣል፣ ጦር ልከህ ታነሳለህ፣ በሱ ካርድ ትገዛለህ ጦር ታጓጉዛለህ፣ እኔ ለአዲስ ሰው ሳስረዳ የድሮውን አሞሌ ጨው አስቡት ነው የምለው ወዲያው ይገባቸዋል። አሸዋ ላይ ስትዘገይ ግን ማዕበል አለ፣ በ18 የተከፈለውን ቦርድ እየዞረ ሜዳ ላይ ያገኘውን ጦር ጠራርጎ ይሄዳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ወገን ይይዛል፣ ስድስቱ ወገኖች ግን እኩል አይደሉም፣ እኩል እንዲሆኑም አልተፈለገም። ካርድ በጨረታ ሲሸጥ አትሬደስ የሚባለው ወገን ካርዱን ቀድሞ ያየዋል፣ ሌላው ሳያይ ነው ዋጋ የሚጠራው፣ የጨረታው ቅመም ደሞ ንጉሠ ነገሥቱን ለያዘው ተጫዋች ይገባል። ጦር ወደ ፕላኔቱ ስታወርድ ጊልድ ለሚባለው የማጓጓዣ ማህበር ትከፍላለህ። ፍሬመን የአገሩ ሰው ስለሆነ በነጻ ይገባል። ቤኔ ጌሰሪት የሚባለውን ወገን የሚጫወተው ልጅ ጨዋታው ሳይጀመር ማን በስንተኛው ዙር እንደሚያሸንፍ በድብቅ ይመዘግባል፣ ልክ ያ ሰው ልክ በዛ ዙር ካሸነፈ ድሉ ተነጥቆ የሱ ብቻ ይሆናል! ይሄን ካወቅኩ ጀምሮ አንድ ሰው ዝም ብሎ ሲረዳኝ "ለምንድነው" ማለት ጀምሬያለሁ። ሁሉም የሌላው ኪስ ውስጥ ስለሆነ ሳትነጋገር ሳትደራደር አንድ እርምጃ አትሄድም፣ ለዛ ነው ቁጭ ብሎ ማውራት ለናፈቀው የናንተ አይነት ቡድን ይሄን ጨዋታ ከልቤ የምመክረው።

ውጊያው ዳይ የለውም። ሁለታችሁም በየእጃችሁ ክብ መደወያ ይዛችሁ ስንት ወታደር እንደምትከፍሉ በድብቅ ትሞላላችሁ፣ አንድ መሪ ትጨምራላችሁ፣ ካላችሁ መሳሪያና መከላከያ ካርድ ትጨምራላችሁ፣ ከዛ እኩል ትገልጣላችሁ። ያሸነፈው የሞላውን ያህል ወታደር ያጣል፣ የተሸነፈው ግን እዛ ያለው ሁሉ ያልቃል። ባለፈው ስታዲየም አካባቢ ጓደኛዬ ቤት ስንጫወት መደወያዬን በነጠላ ስር ይዤ ስምንት ሞላሁ፣ ምርጡን መሪዬን አስገባሁ፣ ስንገልጥ ፊት ለፊቴ ያለችው ልጅ ቁጥሩን እንኳን ሳታይ አንድ ካርድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች፣ የኔው መሪ ምስል ነው። ለካ ከመጀመሪያው ጀምሮ የሷ ሰው ነበር። እኛ ያንን ካርድ ባንዳ ነው የምንለው፣ ሁሉም ሰው ሲጀመር አንድ ባንዳ ይመርጣል፣ ሃርኮነን የሚባለው ወገን ብቻ አራት ይይዛል። ስምንቱም ወታደሮቼ አለቁ እሷ አንድም አልጎደለባትም፣ ቤቱ ለአፍታ ጸጥ አለና ከዛ የጮኸው ጩኸት እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ።

ለአክስትህ ልጅ ስትነግራት አንድ ነገር አደራ፣ ዱን ኢምፔሪየም የሚባል በ2020 የወጣ ሌላ ጨዋታ አለ፣ ጥሩ ጨዋታ ነው ግን ሌላ ነው፣ እስከ 4 ሰው ብቻ ነው የሚጫወተው ስለዚህ ሁለታችሁ ትቀራላችሁ። የሳጥኑን ፎቶ ትላክልህና አረጋግጥ። ተጨማሪ ወገኖች የሚሸጡባቸውን ሳጥኖች ለአሁኑ ተዋቸው፣ ስድስቱ ለአመት ይበቋችኋል።

ጥያቄ፦ እኔና ባለቤቴ ፊልሙን አይተን በጣም ወደድነው፣ ማታ ማታ ሁለታችን ብቻ ዱንን መጫወት እንችላለን? ከካዛንቺስ

መልስ፦ እህቴ፣ ትልቁን አትግዙት። በሁለት ሰው ድርድሩ ይሞታል፣ ድርድሩ ከሞተ ደሞ የሚቀረው ረጅም ቆጠራ ነው። ያው ጌል ፎርስ ናይን በ2021 አጠር ያለውን ከ2 እስከ 4 ሰው የሚጫወተውን አውጥቷል፣ መደወያውም ምሽጉም አለው፣ ለእናንተ የሚሆነው እሱ ነው። እሱ እስኪገኝ ገበጣ ካላችሁ አውርዱት፣ ለሁለት ሰው ከዛ የተሻለ ነገር ብዙ የለም።

ጥያቄ፦ ዱን ስንጫወት ጓደኛዬ ካርታግ የሚባለው ምሽግ አልገባብህም ብሎኝ አራት ቅመም ሰጠሁት፣ በዛው ዙር ገባ። ጨዋታ ነው ምን ታካብዳለህ አለኝ፣ ጨዋታው ተቋረጠ፣ ሁለት ሳምንት አልተነጋገርንም። ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ የሱ ነው፣ ይሄን እያለሳለስኩ አልነግርህም። ብዙ ሰው የሚስተው ህግ ነው፣ ዱን ውስጥ መዋሸት ይቻላል ማስፈራራት ይቻላል፣ ነገር ግን ጠረጴዛው ላይ ጮክ ብሎ የተነገረ ስምምነት መከበር አለበት ብሎ ህጉ ራሱ አስሮታል። ጉቦውም ወዲያው አይበላም፣ የተቀባዩ ፊት ለፊት ሁሉም እያየው ይቀመጥና ዙሩ ሲያልቅ ነው የሚነሳው። ህብረትም ቢሆን በፈለጉ ሰአት አይፈርስም፣ የበረሃው ግዙፍ ትል ካርድ ሲወጣ ብቻ ነው መዋዋልም መለያየትም የሚቻለው።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ፣ ቃሉን የሰጠህ ሁሉም እየሰማ ነው ወይስ ቡና ሲቆላ ጓዳ ገብታችሁ በሹክሹክታ? በሹክሹክታ ከሆነ ሌሎቹ ሊያስከብሩልህ አይችሉም፣ ወደፊት ጠረጴዛው ላይ ድገሙት። ሁሉም ከሰማ ግን ደውልለት፣ አንተ ቅደም፣ ይሄን ህግ አብራችሁ አንብቡት፣ ከዛ ጦሩን ከካርታግ አንስታችሁ ጨዋታውን ከዛው ዙር ቀጥሉት።