የሪሞት መኪና ጥያቄዎቻችሁ፦ ከባትሪ እስከ ኩሽኔታ

ስለ ሪሞት መኪና የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ሰብስቤያለሁ። የምናወራው ተገዝቶ በሳምንቱ ስለሚጣለው መጫወቻ አይደለም። እያንዳንዱ ዕቃው እየተፈታ ስለሚቀየርለት መኪና ነው። ደጋግሜ የማየውን ቀድሜ ልናገር፦ አብዛኛው ሰው ትልቅ ሞተር ያምረዋል፣ መኪናውን የሚገድለው ግን ባትሪ አያያዝ፣ የላላ ብሎንና አቧራ ነው።

ከአዳማ፦ ጋሼ፣ የሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪዬ ሆዱ ተነፍቷል። ግን ቻርጅ ይይዛል፣ መኪናውም ይሄዳል። ልቀጥልበት?

ተው፣ እሱ ባትሪ አብቅቶለታል። የነፋው ውስጡ የተፈጠረ ጋዝ ነው፤ አይድንም። «በመርፌ ወጋ አድርጌ ላስተንፍሰው» የሚሉ አሉ። ጋዙን ተከትሎ የሚመጣው እሳት ነው። ከቤት አውጣው፣ የሚቀጣጠል ነገር የሌለበት ቦታ አስቀምጠው፣ ከዚያ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ ለሚረከቡ ስጥ።

አዲሱ ላይ እንዳይደገም ግን ምክንያቱን እንየው። ሊፖ ባትሪ ሴል በሚባሉ ክፍሎች የተሠራ ነው፤ አንዱ ሴል ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው። ከ3.2 አካባቢ በታች ከወረደ መጎዳት ይጀምራል። ሞተሩን የሚቆጣጠረው ኢኤስሲ ባትሪው ሲደክም መኪናውን ያቆማል። ችግሩ፣ ብዙ ኢኤስሲዎች የባትሪ ዓይነት መምረጫ አላቸው። ምርጫው ኒኬል በተባለው ሌላ የባትሪ ዓይነት ላይ ከተተወ ሊፖው እስኪሞት ድረስ ዝም ብሎ ይነዳል። የአንተም ከዚህ እንዳይሆን እጠረጥራለሁ፤ አዲሱን ከመሰካትህ በፊት አረጋግጥ።

ሌላው ምክንያት ጢም አድርጎ ሞልቶ ማስቀመጥ ነው። ሰሞኑን የማትነዳው ከሆነ በሴል 3.8 ቮልት ገደማ ላይ አሳድረው። ደህና ቻርጀር «ስቶሬጅ» የሚል ምርጫ አለው። ስትሞላው 5000 ሚሊአምፒር-ሰዓት ለሆነ ባትሪ 5 አምፒር ይበቃዋል። ትንሿን ነጭ ሶኬት መሰካት አትርሳ፣ ሴሎቹን እኩል የምታደርገው እሷ ናት። ሰክተህ ደግሞ እንዳትተኛ።

ከሐዋሳ፦ ሞተሩ እንደ ቡና ወፍጮ ይጮሃል፣ ጎማው ግን አይዞርም። ሞተር ልቀይር?

ሞተሩ ከጮኸ እየሠራ ነው፤ ብርህን ያዝ። የጥርሱን ክዳን ክፈትና ሁለት ነገር እይ። ሞተሩ ላይ ያለችው ትንሽ ጥርስ በዘንጉ ላይ ትንሸራተታለች? እንደዚያ ከሆነ ማሰሪያ ብሎኗ ላልታለች። ብሎኗ የምታርፈው በዘንጉ ጠፍጣፋ ጎን ላይ እንጂ በክቡ ላይ አይደለም። ትንሿ ደህና ከሆነች ትልቁን የፕላስቲክ ጥርስ በጣትህ አዙረው። አንድ ቦታ ላይ ተልጦ ታገኘዋለህ።

አዲስ ጥርስ ስትገጥም ርቀቱን በወረቀት አስተካክል። ከደብተር ቀጭን ቁራጭ ቅደድ፣ በሁለቱ ጥርሶች መሃል አስገባ፣ ሞተሩን ገፋ አድርገህ ብሎኖቹን እሰር፣ ከዚያ ጥርሱን እያዞርክ ወረቀቱን አውጣ። አሁን ትልቁን ጥርስ ስትነቀንቀው ለዓመል ያህል መንቀሳቀስ አለበት። አዙረህ ሌላ ቦታም ሞክር፤ ፍጹም ክብ ያልሆነ ጥርስ ያጋጥማል። በጣም ከተጠጋ ሞተሩ ይግላል፣ በጣም ከራቀ ጥርሱ እንደገና ይላጣል። የሞተሩን ብሎኖች በሰማያዊው የብሎን ማጣበቂያ እሰራቸው። ይህ ግን ብረት በብረት ላይ ሲታሰር ብቻ ነው፤ ፕላስቲክ ከነካ ያሰነጥቀዋል።

ከአዲስ አበባ፣ አንድ አባት፦ ልጄ ባለ ሦስት ሴል ባትሪ ግዛልኝ ብሎ አስቸግሮኛል። ምን ይሻላል?

መጀመሪያ ኢኤስሲው ላይ የተጻፈውን ይመልከቱ። ሁለት ሴል ብቻ የሚል ከሆነ ነገሩ እዚያው አለቀ። ሁለት ሴል ሲሞላ 8.4 ቮልት ነው፣ ሦስቱ 12.6። እኔን ከጠየቁኝ ገንዘቡን ለጥሩ ቻርጀር ያውሉት። እንደ ትራክሳስ ስላሽ ያሉት መኪኖች እንዲያውም ጉልበቱን በግማሽ የሚቀንስ የልምምድ ሞድ አላቸው። ልጁ ደስ አይለውም፣ መኪናው ግን ይተርፋል።

ከሪያድ፦ አሸዋ ላይ ነው የምነዳው። ጎማዎቹ እየከበዱ መጡ።

ኩሽኔታህ አሸዋ ጠጥቷል። ጎማውን ፍታና የኩሽኔታውን የውስጥ ቀለበት በጣትህ አዙር፤ ከሻከረህ ቀይረው። የመኪናው ኩባንያ ማሸጊያ ውስጥ ያለውን ብቻ ካልገዛሁ አትበል። መጠኑ ዓለም አቀፍ ነው፤ ብዙ የታሚያ መኪኖች የሚወስዱት ውስጡ 5፣ ውጩ 11፣ ውፍረቱ 4 ሚሊሜትር የሆነውን ነው። አንዳንድ ርካሽ፣ ራስህ የምትገጣጥማቸው የታሚያ ኪቶች ደግሞ በኩሽኔታ ፈንታ የፕላስቲክ ቀለበት ይዘው ይመጣሉ። ያንን አውጥቶ መጣል የመጀመሪያው ሥራ ነው። ከነዳህ በኋላ በደረቅ ብሩሽ ጥረገው፤ ውኃ አታርከፍክፍበት።

ከጎንደር፦ መሪውን ሳልነካው ወደ ግራ ይስባል።

ሪሞቱ ላይ ያለችውን ትሪም፣ የመሪውን መሃል የምታስተካክለውን፣ ወደ ቀኝ ትንሽ አዙራት። ካልበቃ መሪውን የሚያዞረውን ትንሽ ሞተር፣ የሰርቮውን፣ ክንድ ፈትተህ መሃል ላይ መልሰህ ግጠመው። ግራና ቀኙ የመሪ ዘንግ እኩል ርዝመት እንዳለውም ለካ።

ከአዲስ አበባ፦ ከዱባይ የናይትሮ (በነዳጅ የሚሠራ) መኪና መጣልኝ። ያጨሳል፣ ጉልበት የለውም።

ሞተሩ አልተበላሸም። ዱባይ ባሕር ዳር ናት፣ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። እዚህ አየሩ ሩብ ያህል ስለሚሳሳ ያው ነዳጅ ይበዛበታል። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ ዋናዋን የነዳጅ ብሎን በጣም በትንሹ ወደ ቀኝ አጥብቃትና ነድተህ እይ። እንደገና ትንሽ። ስትነዳ ቀጭን ሰማያዊ ጭስ መታየት አለበት፤ ጭሱ ጭራሽ ከጠፋ ዘይት አጥሮታል ማለት ነው፣ ወዲያው አቁመህ መልሰህ አላላት። መኪናውን ይዘህ ወደ ድሬዳዋ ከወረድክም እንደገና ማላላት ይኖርብሃል።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ለእህቴ ልጅ መኪና ይዤ እመጣለሁ። ባትሪውን ሻንጣ ውስጥ ልክተተው?

አትክተተው፤ ትርፍ የሊቲየም ባትሪ በእጅ ቦርሳ ነው የሚሄደው። ገደቡ በአንድ ባትሪ 100 ዋት-ሰዓት ነው። ባለ ሁለት ሴሉ፣ 5000 ሚሊአምፒር-ሰዓቱ፣ 37 ብቻ ስለሆነ በሰላም ያልፋል። ጫፎቹን በፕላስተር ሸፍን፣ እያንዳንዱን ለየብቻ አድርግ። ለማንኛውም አየር መንገድህን አስቀድመህ ጠይቅ። ስትመጣ ግን ሁለት ትርፍ ጥርስም ጣል አድርግበት፤ እዚህ ፈልጎ ማግኘት ያደክማል።